ትጋት ለገበያ ብቻ አልተሰጠም

በግእዝ ቋንቋ «ተግሀ» ማለት እንቅልፍን አሸንፎ ነቅቶ ጠበቀ ማለት ነው። ትጉህ የሚባለውም ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን በር የሚጠብቅ ዘበኛ፥ ከመንጋው ጋራ የሚያድር እረኛ፥ በመዓልትና በሌሊት ከምስጋና የማያርፍ መልአክ ነው። ይህ ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ «ተጋ» ሆነ፤ ትርጓሜውም በሕዝቡ አፍ ቀስ በቀስ ተለውጦ ዛሬ ትጉህ የሚባለው ማልዶ የሚነሣ፥ አምሽቶ የሚገባ፥ በላቡ ገንዘብ የሚያፈራ ሰው ሆኗል። ይህም መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስንፍናን ያመሰገነችበት ጊዜ የለም። ነገር ግን የእጅ ትጋት ስሙን ሁሉ ጠቅልሎ ሲወስድ የልብ ትጋት ስም አልባ ሆኖ ቀረ።

ቃሉ ብቻ ጠፍቶ ቢሆን ነገሩ የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉ የጠፋው ሥራው ስለ ጠፋ ነው። ክርስቲያኑ ሱቁን ይጠብቃል፥ ማሳውን ይጠብቃል፥ በሰው ዘንድ ያለውን ስሙን ይጠብቃል፤ ጠቢቡ ሰሎሞን የሕይወት ምንጭ ነውና ከሁሉ አስቀድመህ ጠብቀው ብሎ ልጁን የመከረበትን ልብን ግን ያለ ዘበኛ ትቶታል።

ይህ በአገሩ ሁሉ የሚታይ ነው፤ በጉራጌ ምድር ባሉት በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ቢመረመር ግን ይበልጥ ይገለጣል፤ የእጅ ትጋት እንደ ጉራጌ ሰው የተመሰከረለት ጥቂት ነውና። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራም በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። በሁለቱም ከተሞች ገና ጎሕ ሲቀድ የሱቅ መዝጊያ ይከፈታል፥ የጭነት መኪና ይራገፋል፥ ሴቶች ቆጮና ቅቤ ተሸክመው ወደ ገበያ ይገባሉ። ማታም ባለሱቁ ከመተኛቱ በፊት ዕለቱን ያስባል፤ ምን ገባ፥ ምን ወጣ፥ ማን በዱቤ ወሰደ፥ የዕቁቡ ቀን መቼ ነው ይላል። በዚህ ጥንቃቄ ብዙ የድኻ ቤት ቆሟል፥ ብዙ ልጅ ተምሯል፥ ብዙ ቤተ ክርስቲያንም ታንጿል።

እንግዲህ ይህን ያህል ነቅቶ ለሚኖር ክርስቲያን ልብህንም እንዲሁ ጠብቅ ተብሎ ቢነገረው የሚመልሰው መልስ የታወቀ ነው። «ይህ የመነኮሳት ሥራ ነው። እነርሱ ሚስትና ልጅ የላቸውም፥ የቤት ኪራይና ግብር አይጠየቁም፤ በበዓታቸው ተቀምጠው ሐሳባቸውን ይመርምሩ። ለኛ ለዓለማውያን እሑድ ማስቀደስ፥ ረቡዕና ዓርብን መጾም፥ በዓመት አንድ ጊዜ ምድረ ከብድ ወርዶ አቦን መሳለም ይበቃናል» ይላል።

ይህ መልስ እንዲያው የሚናቅ አይደለም፤ ከውጭ ሲያዩት ማስረጃ ያለው ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን የጉባኤ ትምህርት ስለ ልብ ጥበቃ አስፍተው የሚያስተምሩት ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው፤ ሦስቱም በሱርስት ተጽፈው በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተመለሱ ናቸው፤ ስማቸውም መጻሕፍተ መነኮሳት ይባላል። የጽርእ መነኮሳት ስለዚሁ ነገር የጻፉትም ቢሆን ተሰብስቦ በቬኒስ ከተማ በ1782 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር እስኪታተም ድረስ በገዳማት ግምጃ ቤት ተቀምጦ ኖሯል። መጽሐፉ በገዳም ተጽፎ፥ መምህሩ መነኩሴ ሆኖ ሳለ ነጋዴው «ይህ የኔ አይደለም» ቢል ምን ያስደንቃል?

ነገር ግን መድኃኒቱ የተቀመመበት ቤትና መድኃኒቱ የሚያስፈልገው በሽተኛ አንድ አይደሉም። መነኩሴ ስለ ልብ የጻፈው የመነኩሴ ልብ ከሌላው ሰው ልብ በፍጥረቱ ስለሚለይ ሳይሆን በዝምታ ተቀምጦ ለማየት ጊዜ ስላገኘ ነው። በበረሃ ያገኘው ቍጣ በገበያ ያለው ቍጣ ነው፤ በበዓት የተዋጋው ቅንዓትም በሱቅ ያለው ቅንዓት ነው። ሐኪም በጸጥታ ክፍል ያጠናውን በሽታ በሕዝብ መካከል ላሉት በሽተኞች ይናገራል እንጂ በሽታው በክፍሉ ውስጥ ብቻ ነው አይልም።

ከዚህም በላይ ትእዛዙ ከመነኮሳት በፊት ነበረ። ጌታ በደብረ ዘይት ተቀምጦ ስለ ዳግም ምጽአቱ ለጴጥሮስ፥ ለያዕቆብ፥ ለዮሐንስና ለእንድርያስ ብቻቸውን ከነገራቸው በኋላ፥ በማርቆስ ወንጌል እንደ ተጻፈ፥ ለእነርሱ ያለውን ለሁሉም እንደሚል ተናግሮ ትእዛዙን ሰጠ፤ ትእዛዙም ነቅቶ መጠበቅ ነው። «ለሁሉ» የሚለውን ቃል «ለመነኮሳት» ብሎ መተርጐም የሚችል መምህር ከየት ይገኛል? ያን ሌሊት በጌቴሴማኒ ያንቀላፋው ጴጥሮስም የእንቅልፉን ጉዳት ካወቀ በኋላ በታናሽ እስያ ለተበተኑት ምእመናን መልእክት ጻፈ። በዚያ መልእክት የሚመከሩት ለጌታ የሚያድሩ አገልጋዮች፥ ባል ያላቸው ሴቶች፥ ሚስት ያላቸው ወንዶች ናቸው። ጠላት እንደሚያገሣ አንበሳ ስለሚዞር በልክ ኑሩ፥ ንቁ የተባሉትም እነዚሁ ናቸው። በዚያን ጊዜ ገዳም ገና አልተገደመም፤ የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስም አልተወለደም ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ለሁሉ የተሰጠ መሆኑን በሥርዓትዋ አስቀምጣዋለች። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ተብሎ በዚሁ ትምህርት ይከበራል፤ በዚያ ቀን ወንጌሉ የሚነበበው ነጋዴውም፥ ገበሬውም፥ ተማሪውም ቆሞ ሳለ ነው። የጸሎት ጊዜያትም ሰባት ሆነው የተከፈሉት፥ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋም፥ መንፈቀ ሌሊት ተብለው የተሰየሙት፥ የቀኑ ክፍል ሁሉ ዘበኛ እንዲኖረው ነው። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ የተቀመጡትን አስነሥቶ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ብሎ የሚያዝዘው በሩ አጠገብ የቆመውን ምእመን ጭምር ነው። ይህን ድምፅ በየእሑዱ የሚሰማ ሰው «መንቃት የኔ አይደለም» ካለ ጆሮው ሰምቶ ልቡ አልሰማም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር ማለፍ ይገባል። «የኔ ቢሆንም አልችለውም፤ ጊዜም የለኝም፥ ልማዱም የለኝም» የሚል አለ። ይህን ቃል ከጉራጌ ምድር ሰው አፍ መስማት ያስደንቃል። እርሱ ይህን ሥራ ከእናቱ ቤት ጀምሮ ያውቀዋልና።

እንሰትን ይመልከት። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይጠብቃል። ከተፋቀ በኋላም ቆጮው ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ የቤቱ እመቤትም ቀብራው አትተወውም። እየከፈተች ታየዋለች፥ ኮባውን ትለውጣለች፥ ታገላብጠዋለች፥ ውሃና አየር እንዳያበላሸው መልሳ ትከድነዋለች። ጉድጓዱን ሳትከፍት ብዙ ጊዜ ብትቈይ ውስጡ ምን እንደ ሆነ የምታውቀው ሽታው ሲነግራት ነው። የሰው ልብም የተከደነ ጉድጓድ ነው፤ ባለቤቱ እየከፈተ ካላየው መበላሸቱን የሚያውቀው ከጎረቤቱ በኋላ ነው።

ደግሞ አጠውልግ የሚባለውን የእንሰት በሽታ ይመልከት። የዚህ በሽታ መንሥኤ ባክቴሪያ መሆኑ በ1968 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር በሊቃውንት ተጽፎ ታውቋል። በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው የገበሬው የራሱ ቢላዋ ነው። የታመመውን እንሰት የቈረጠበት ቢላዋ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው ሲሄድ በሽታውን ይዞ ይሄዳል፤ እንሰቱም ወዲያው አይጠወልግም፥ ለጊዜው ለምለም መስሎ ይታያል። የሚፈውሰው መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ያለው ዘዴ ጥንቃቄ ነው። የታመመው ይነቀላል፥ ይቀበራል፤ ቢላዋውም ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ይለበለባል። ይህን የሚያደርግ ገበሬ ማሳውን ያተርፋል፤ ሰነፉ ግን በገዛ እጁ፥ በገዛ መሣሪያው፥ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ያጠፋል።

ሰውም እንዲሁ ነው። ከአንዱ ጋራ በተጣላበት አንደበት ሳያጸዳው ከሌላው ጋራ ይነጋገራል። በገበያ የተቈጣውን ቍጣ ይዞ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ይገባል። ሐሜት የሰማበትን ጆሮ ይዞ ወደ ቅዳሴ ይሄዳል። በመካከሉ ቢላዋውን ወደ እሳት የሚያስገባበት ጊዜ ቢጠይቁት ከአንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚበልጥ አይፈጅም ነበር። «ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰው ለቢላዋው ጊዜ አለው፥ ለጉድጓዱ ጊዜ አለው፥ ለዱቤ መዝገቡ ጊዜ አለው። ነቅቶ መጠበቅን አላጣም፤ የሚጠበቀውን ነገር መርጦ ልቡን ከዝርዝሩ አወጣው እንጂ።

አባቶች ክፉ ሐሳብ ወደ ሰው እንዴት እንደሚገባ ደረጃውን ቈጥረው አስተምረዋል። በ7ኛው መቶ ዓመት በደብረ ሲና የነበረው ዮሐንስ፥ መሰላል በሚባለው መጽሐፉ፥ ሐሳቡ መጀመሪያ መጥቶ በር ይመታል፤ ቀጥሎ ሰው ያነጋግረዋል፤ ቀጥሎ ይስማማዋል፤ ከዚያ ይማረክለታል፤ በመጨረሻም ልማድ ሆኖ ይገዛዋል ብሎ ይለያል። በር መምታቱ ኀጢአት አይባልም፤ በመንገድ ዳር የተከፈተ ሱቅ ማንም እንዳያይበት ማድረግ አይቻልምና። ነገር ግን ማን ከባንኮኒው ወዲህ ገብቶ በገንዘብ መሳቢያው አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ባለሱቁ ነው።

ይህም በገበያ እንዲህ ይሆናል። በቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ አንድ ክርስቲያን የጎረቤቱን ደንበኞች ብዛት ያያል። ማየቱ ኀጢአት አይደለም። ከዚያ «እርሱ በምን በለጠኝ?» ብሎ ከሐሳቡ ጋራ ይጫወታል። ሐሳቡም «እርሱ በርበሬውን ውሃ አርከፍክፎ ነው የሚመዝነው፥ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፥ አንተ ብቻ ሞኝ ሆነሃል» ይለዋል። ማታ ይስማማል። በማግሥቱ ጥቂት ውሃ ያርከፈክፋል። በሦስተኛው ሳምንት እጁ ሳያዝዘው ያደርገዋል። በዓመቱ ይህን ኀጢአት ነው ብለው ቢነግሩት ንግድ ነው ብሎ ይቈጣል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ደግሞ እውነት ነው። ይህ ሰው በአምስተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ንስሐ ይግባ ቢባል ትዳሩን እንደ መፍታት ይከብደዋል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ግን አንድ «አይሆንም» ይበቃው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የሕዝቡ ተረት የአባቶችን ትምህርት ሁሉ በሁለት ቃል ይዞታል።

በአንድ ሰው ሚዛን ላይ የሚሆነው በሕዝብም ላይ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. በሰኔ ወር በወልቂጤ ከተማ፥ ለብዙ ዘመን በአንድ ገበያ የተገበያዩ፥ በለቅሶና በሠርግ የተጠራሩ የጉራጌና የቀቤና ልጆች ተጋጭተው ሰው ሞተ፥ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ተፈናቀለ። የክርክሩን ሥር መመርመር የዳኞችና የሽማግሌዎች ሥራ ነው። የልብን ነገር የሚያስተምር ሰው ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ በእንደዚህ ያለ ቀን ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ጧት ሲነሣ ነፍስ አጠፋለሁ ብሎ ተነሥቷልን? አልተነሣም። አንድ ወሬ ሰማ፤ ወሬው በሩን መታ። ሳይመረምረው አስገባው፥ አነጋገረው፥ አመነው፥ ለሌላው አቀበለው። ቀትር ሲሆን እጁ የእርሱ አልነበረም። የጉራጌ ሽማግሎች በጆካ ሥርዓት ሲቀመጡ የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰሙ አይፈርዱም። ኢያሱም በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፍ የመዘዘ ሰው ባየ ጊዜ ሳይጠይቅ አላለፈውም፤ ከማን ወገን እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ። ወደ ልቡ የሚገባውን ወሬ ሁሉ «ከማን ወገን ነህ? ማን ላከህ? ወዴት ትወስደኛለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በከተማው ቢበዛ ኖሮ የሚፈሰው እንባ ባነሰ ነበር። እንግዲህ ልብን መጠበቅ የመነኩሴ የብቻ ጨዋታ ነው የሚል ሰው ይህን ይመልከት። ያልተጠበቀ ልብ የባለቤቱን ነፍስ ብቻ አይጐዳም፤ የጎረቤቱንም ጣራ ያቃጥላል።

ከዚህ በኋላ ሦስተኛ ስሕተት አለ፤ ይህም ከሁለቱ የሚብስ ነው። እርሱም ትጋትን ተቀብሎ ዓይኑን ወደ ሌላ ሰው ማዞር ነው። ይህ ሰው ነቅቷል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው የጎረቤቱን ልብ ነው። ማን ጾም ገደፈ፥ ማን በቅዳሴ መካከል ወጣ፥ ማን ምን ለብሶ መጣ ብሎ ይቈጥራል። ንግዱ ቢቀዘቅዝ መተት ተደርጎብኛል ይላል፤ ልጁ ቢያምጽ የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ከጠበል ወደ ጠበል እየዞረ ጠላቱን በውጭ ይፈልጋል። ማታ ማታም የእጅ ስልኩን ይዞ ስለ ሰው ነውር የሚወራውን እየሰማ እኩለ ሌሊት ይሆናል። እኩለ ሌሊት አባቶች ለጸሎት የሚነሡበት ሰዓት ነበር፤ እርሱም ነቅቶአል፥ ነገር ግን በሌላ ደጅ ላይ ነው የቆመው። ጠበል ጸጋ ነው፥ ሰይጣንም መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰይጣን በር ከሌለ አይገባም፤ የበሩም ቍልፍ ያለው በጎረቤት እጅ አይደለም። የከተማው ወጣት «ነቄ ነኝ» እያለ ማንም እንደማያታልለው ይናገራል። ሌላው እንዳያታልለው የነቃ ብዙ ነው፤ ራሱ ራሱን እንዳያታልል የነቃ ግን ጥቂት ነው።

ሌላው ደግሞ በስሙ ይታመናል። በሰሜን በኩል ያሉት የሶዶ ጉራጌዎች ራሳቸውን ክስታኔ ብለው ይጠራሉ፤ ይህም ክርስቲያን ከሚለው ስም የመጣ ነው። ሕዝብ ከስሞች ሁሉ መርጦ በክርስቶስ ስም ሲጠራ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ጠባቂ እንደማይሆን መጽሐፈ ሄኖክ ያስተምራል። ይህ መጽሐፍ ምሉዕ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ለዓለም ጠብቃ ያቈየችው ነው። በእርሱም ውስጥ መላእክት ስማቸው ትጉሃን ይባላል፤ የማያንቀላፉ ማለት ነው። ከእነዚህ ትጉሃን መካከል ግን 200ው በያሬድ ዘመን በአርሞን ተራራ ላይ ወረዱ፥ ወደቁም። አወዳደቃቸውም እንደ ሰው ነበር፤ አዩ፥ ተመኙ፥ ተማከሩ፥ ተማማሉ፥ ወረዱ። ስማቸው ትጉሃን ሆኖ ሳለ ልባቸው አንቀላፋ። የሰማይ ትጉሃን በስማቸው ካልዳኑ የምድር ክርስቲያን በስሙ ብቻ እንዴት ይድናል?

የመስቀል በዓልም በዚህ መሠረት ይታይ። መስከረም በደረሰ ጊዜ ከአዲስ አበባና ከየከተማው የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይገባል። ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ለሠንጋ ሲያጠራቅም፥ ሴቲቱ ለክትፎ የሚሆነውን ቅቤ ከባልንጀሮችዋ ጋራ በተራ ስትጥል ቈይተዋል። የተጣላ ይታረቃል፥ ሽማግሌ ይመርቃል፥ ልጅ ወላጁን ይጠይቃል። ይህን በዓል የሚነቅፍ ሰው የሕዝቡን ልብ አያውቅም። ነገር ግን በዚህ በዓል የሚታሰበው ሥራ ምን እንደ ሆነ መርሳት አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፥ ጌታ የተሰቀለበት መስቀል የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ ሰው በየዕለቱ የቤቱን ጥራጊ እየጣለበት ተራራ ሆኖ ነው የተሸፈነው። ንግሥት እሌኒም በደመራው ጢስ ስፍራውን ካወቀች በኋላ መስከረም 17 ቀን ቍፋሮ አስጀመረች፤ መስቀሉ የተገኘው ግን መጋቢት 10 ቀን ነው። እንግዲህ መስከረም 17 ቀን የቍፋሮው መጀመሪያ ነው። በዚያ ቀን በልቶ፥ ጠጥቶ፥ ደስ ብሎት የሚመለስ ክርስቲያን ከፊቱ የስድስት ወር ያህል ቍፋሮ እንደሚጠብቀው ማወቅ ይገባዋል። በልቡም ላይ ያለው ጥራጊ በአንድ ቀን አልተጣለም፤ በአንድ ቀንም አይነሣም።

ተቃራኒው በመጨረሻ «እንግዲያው ነጋዴ ምን ያድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ጧት የሱቁን መዝጊያ ከመክፈቱ በፊት በልቡ በር ላይ ያማትብ፤ ዛሬ የሚፈተንበትንም አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቀው፤ ቍጡ ከሆነ ቍጣን፥ ስስታም ከሆነ ሚዛንን፥ ወሬ ወዳድ ከሆነ አንደበቱን። ቀን፥ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው፥ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲያልፍ ቢላዋውን በእሳት እንደሚለበልብ ገበሬ «አቤቱ ማረኝ» ብሎ ልቡን ያጽዳ። ማታ የዱቤውን መዝገብ ሲከፍት የነፍሱንም ይክፈት፤ ዛሬ በሬን የመታ ማን ነበር? ማንን አስገባሁ? የማን ዕዳ አለብኝ? ብሎ ይጠይቅ። ያገኘውን ዕዳ እስከ ዓመት አያቈየው፤ ያስቀየመውን በማግሥቱ ይቅርታ ይጠይቅ፥ ያጐደለውን ሚዛን ይሙላ። ይህንም ለንስሐ አባቱ ይናገር። ዛሬ ብዙ ሰው የንስሐ አባትን እንደ ዕድር ዳኛ ለቀብር ቀን ብቻ ይይዛል፤ በሕፃንነቱ ከቈረበ በኋላም እስከ እርጅናው ድረስ ከቅዱስ ቍርባን ርቆ ይኖራል። «ገና ልጅነቴ ነው፥ ገና ንግድ ላይ ነኝ» እያለ ሥጋውና ደሙን ለሽማግሌና ለሕፃን ትቶታል። በልቡ በር ዘበኛ ያቆመ ሰው ግን ወደ መቅደሱ የሚያደርሰውን መንገድ ቀስ በቀስ ያገኛል።

ይህን የሚያደርግ ሰው ኪሳራ እንደማያገኘው ማንም አይንገረው። በርበሬውን ደረቁን የሚመዝን ሰው ውሃ ከሚያርከፈክፈው ይልቅ በየኪሎው ጥቂት ያጣል። ወሬ የማያቀብል ሰው በጨዋታ መካከል ብቻውን ይቀራል። ለስድብ መልስ የማይሰጥ ሰው ፈሪ ይባላል። ልብን መጠበቅ ከንቱ ምክር ቢሆን ኖሮ ዋጋ ባላስከፈለ ነበር። የጉራጌ ነጋዴ ግን ዋጋ የማይከፈልበት ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ደግሞም ይህን የጀመረ ሰው ተስፋ መቍረጥ እንዳይገባው ይጠንቀቅ። ማታ መዝገቡን ሲከፍት ኪሳራ ቢያገኝ ሱቁን አይዘጋም፤ በማግሥቱ ይከፍታል። በነፍሱም እንዲሁ ያድርግ። ቀን ሰባት ጊዜ ቢወድቅ ሰባት ጊዜ መነሣቱን እንጂ መውደቁን ብቻ አይቍጠር። የሚጠብቅ ሰው ጠባቂ የሌለው አይደለም፤ እስራኤልን የሚጠብቀው አይተኛምና።

ወደ መጀመሪያው ቃል መመለስ ይገባል። ትጉህ የተባለው ስም ለጉራጌ ልጅ ተገቢ ስሙ ነው፤ ማንም አይነጥቀውም። ነገር ግን ስሙን ምሉዕ አድርጎ ይያዘው። ማልዶ ለሱቁ የሚነሣ ማልዶ ለልቡም ይነሣ፤ አምሽቶ ገንዘቡን የሚቈጥር አምሽቶ ሐሳቡንም ይቍጠር። ሙሽራው በእኩለ ሌሊት ሲመጣ መብራት የያዙት አሥሩም ደናግል ነበሩ፤ አሥሩም አንቀላፍተው ነበር፤ የለያቸው በማሰሮው ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ዘይት በሌሊት እንደማይገኝ፥ ገበያም በዚያ ሰዓት እንደሚዘጋ ከነጋዴ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ገበያው ሳይዘጋ ይግዛ።